የጎረቤት አልጋ ጠርሙስ

ተረት የፈለገ ሌላ ቤት ይሂድ። ይህ በእኔው ቤት፣ በእኔው ጆሮ የሆነ ነው።

አንድ እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ያለ አሮጊት ነኝ። ለማን ደስ ይበለው ብዬ እዋሻለሁ? ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የሚጽፍልኝንም ሰው ከአፌ የወጣውን እንዳያሳምርብኝ አስምዬዋለሁ።

ጨለማና የውሻ ለቅሶም አትጠብቁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። እኔ ኩሽና ተቀምጬ ድንች እልጣለሁ። ምራቴ ከግድግዳው ወዲያ አልጋዋ ላይ ናት።

ከክፍሏ የትንፋሽ ድምፅ ይመጣል...

የእሷ ግን አልነበረም።

ቆዩ፤ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ልጄ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አንዴ ከወጣ መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቀው። ቤቱን የምንጠብቀው እኔና ሚስቱ ነን። ሁለት ምላስ በአንድ ጣሪያ ሥር።

ምራቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። አስም አለባት። የጨርቁ ብናኝ ደረቷ ውስጥ ገብቶ ሲር... ሲር... ያደርጋታል።

"አንቺ ሰነፍ! ፀሐይ ወጥቶ አለቀ እኮ፣ ተነሺ!" እላታለሁ።

"ስንፍናው ከልጅዎ ተጋብቶብኝ ነው እማማ" ትለኛለች።

ስድቤን አንድም ቀን መሬት ጥላው አታውቅም። ታምማም፣ ተኝታም፣ አኩርፋም ትመልስልኛለች። ይህን ያዙልኝ።

አንድ ጠዋት ጫማዋን ልታስር ጎንበስ አለችና መነሳት አቃታት።

"እማ..." አለች።

"ማ" እስክትል ድረስ የእኔ ነፍስ ወጥታ ገባች።

ሆስፒታል ስንደርስ ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። ጭንብል አጠለቁላት። ጉም የምትተፋ ማሽን አጠገቧ አንጎራጎረች። መርፌ፣ ኪኒን፣ ኦክስጅን... ያላደረጉት የለም። ከድንገተኛ ክፍል አውጥተው ሴቶች ከሚተኙበት ክፍል አስገቡን፤ እኔም ከፕላስቲክ ወንበር ጋር ተጋባሁ።

አስታሞ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ድካሙ እግር ላይ ይጀምርና ዓይን ላይ ይወጣል። ከዚያ አጥንት ውስጥ ገብቶ ቤት ይሠራል። ተቀምጠሽ ትተኛለሽ፣ ተኝተሽ ትሰሚያለሽ።

እኔ የምሰማው ፉጨቷን ነበር።

ካፏጨች አለች ማለት ነው። እንዲህ ብዬ ነበር የማርፈው። ሐኪሙ በማዳመጫ የሚሰማውን እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማዋለሁ እያልኩ እኮራ ነበር።

አጠገባችን አንድ አልጋ ነበረ። መጋረጃው ሁልጊዜ ዝግ ነው። የተኛችውን ሴት በዓይኔ አላየኋትም፤ ፉጨቷን ግን ከምራቴ ለይቼ አውቀዋለሁ። ረጅም ነው። ቀጭን ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ከፍ ይላል።

የምታስታምማት እህቷ ናት። ዓይኗ በርበሬ የመሰለ፣ ቆማ የምታንቀላፋ ሴት። ብቻዋን ነው የምታስታምመው፣ የሚተካት የለም።

ወሬያቸው አንድ ዓይነት ነበር። በሹክሹክታ።

"መድኃኒትሽን ወሰድሽ?"

"ወስጃለሁ እህቴ።"

"ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ተኚ አንቺ።"

ከዚያ ሲርርር...

ቆይቶ ደግሞ።

"መድኃኒትሽን ወሰድሽ?"

"ወስጃለሁ እህቴ። ተኚ አንቺ።"

አንጀቴን ትበላው ነበር። የታመመችው ያልታመመችውን ስታባብል!

ምራቴ ሻል ሲላት ፓፍ የሚሉትን የሚነፋ መድኃኒት አዘዙላት። ለጭንቅ ጊዜ ሰማያዊ፣ ለዘወትር ቡናማ። እሷ ግን ስትጫነው መድኃኒቱ ምላሷ ላይ ይቀራል እንጂ ደረቷ አይደርስም። መሳቢያ ቱቦ ያስፈልጋታል ተባለ። ቱቦው ደግሞ መድኃኒት ቤቱ አልነበረም።

የክፍሉ ነርስ፣ እኔ ጄኔራሏ የምላት፣ ስትራመድ አልጋ የሚነቃነቅላት ሴት ናት።

"ግድ የለም እናቴ" አለችኝ። "ከውሃ ጠርሙስ እሠራላችኋለሁ። የጠርሙሱን ቂጥ በጋለ ሽቦ እበሳዋለሁ፣ ፓፉ እዚያ ይሰካል፣ በአፉ በኩል ቀስ ብላ ትስባለች። ለጎረቤታችሁም የሠራሁት እሱን ነው።"

ይህን ብላ ሳትሠራው ሌላ ክፍል ጠሯት።

ያን ጊዜ መጋረጃው ገለጥ አለ። እህቷ ወጣች። የላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች፤ ከቀሚስ የተቀደደ አረንጓዴ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሯል።

"እንኩ እማማ፣ በዚህ ተጠቀሙ። እሷ ተሻላት።"

"እውነት?"

"ፉጨቷ ቆመ እኮ።" ፊቷ ላይ ፈገግታ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። "ፀጥ ብላ ተኛች። እኔም ትንሽ ጋደም ልበል።"

"እሰይ የኔ ልጅ! ተኚ፣ አንቺም ሰው ነሽ" አልኳት።

አዎ፣ ብያታለሁ። ማን የማይላት አለ?

ጄኔራሏ ተመልሳ መጋረጃውን ስትገልጥ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሮጡ። ማሽን ጎተቱ። አልጋውን ከነሴትዮዋ እየገፉ አወጡት።

እህቷ ባዶው ቦታ ላይ ቆማ ቀረች። ጉንጯ ላይ የፍራሹ ስፌት ታትሟል።

"ግን እኮ ፉጨቱ ቆሞ ነበር..." ትላለች። "ግን እኮ... ቆሞ ነበር..."

ጠርሙሱን ልመልስላት ስነሳ ሄዳለች።

በማግስቱ ታጥቦ የደረቀ አልጋ አመጡና ቦታው ላይ ተከሉት። ሰው አልተኛበትም። መጋረጃውም ተሰብስቧል።

ምራቴ እጄን ጎተት አደረገችኝ።

"እማማ... ያቺ ሴት ተመለሰች እንዴ?"

"ምን ልትሠራ ትመለሳለች?"

"ታዲያ ማነው የሚያፏጨው?"

"አንቺ ነሻ! ሌላ ማን አለ?"

ዓይኔን እያየች ትንፋሿን ያዘች። ደረቷ ቀጥ አለ።

ሲርርር... ጫፉ ላይ ከፍ ይላል።

"የውሃ ቧንቧ ነው" አልኳት። "ተኚ።"

የምንወጣበት ቀን ሐኪሙ የትንፋሽ ጉልበት የሚለካ ቱቦ አስነፋት። ቁጥሩን አይቶ አንገቱን ነቀነቀ፣ ደስ አለው። ጄኔራሏ ግን በዋዛ የምትለቅ አይደለችም፤ በሩ ላይ ያዘችን።

"ኪኒኑን ተሻለኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ። ቡናማውን ደህና ብትሆኚም በየቀኑ። ሰማያዊው ለጭንቅ ነው። በቀጠሮሽ ተመለሺ። ጠርሙሱን በሳሙና እጠቡት፣ በጨርቅ አትጥረጉት፣ ራሱ ይድረቅ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"እናቴ፣ ስታፏጭ ሰማያዊውን ስጪያት። አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት ይዘሻት ነይ። ጨንቋት እያለ ፉጨቱ ድንገት ከጠፋ ግን..."

"ዳነቻ!"

"አልዳነችም! አየር ካልገባ ምኑ ያፏጫል? ያኔ ነው መሮጥ።"

ወደ ጎረቤት አልጋ ላለማየት መሬት መሬት አየሁ።

ቤት ገባን። ሲሻላት መጀመሪያ ያደረገችው ኪኒኑን መጣል ነው። "ፊቴን አሳበጠብኝ" አለች። ቡናማውንም ረሳችው። እኔ ስጮህ እሷ ስትመልስ፣ ቀጠሮውም አለፈ።

ጠርሙሱን የማጥበው እኔ ነኝ። ክፍሏ መስኮት ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

አይደርቅም።

ውጩ እንደ አጥንት ይደርቃል። ውስጡ ግን ጉም እንደለበሰ ነው። ጣቴን ሰድጄ ብነካው... ለብ ያለ ነው።

"ከፀሐዩ ነው" አልኩ። የደከመው ሰው ለሁሉም ነገር መልስ አለው።

ደግሞ ያፏጫል። ባዶ ጠርሙስ አፉን ነፋስ ሲመታው እንደሚያፏጭ ሕፃንም ያውቃል። ስለዚህ መስኮቱን ዘጋሁት።

አልቆመም።

ከዚያ የምራቴ ደረትም ጀመረ። ከሥራ ቀረች። ቀን ቀን ትተኛለች፣ እኔ በግድግዳው አዳምጣለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የትኛው የማን እንደሆነ መለየቱን ትቼዋለሁ። ስንት ጊዜ ልነሳ? ስንት ጊዜ በር ልክፈት? ጉልበቴ እኮ የእኔው ዕድሜ ነው ያለው። እስካፏጨች አለች... እስካፏጨች አለች... እያልኩ ወንበሬ ላይ አንጎላጃለሁ።

እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ድንቹ ጭኔ ላይ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሲርርር... ይላል። ደስ የሚል፣ ልክ ያለው፣ እሹሩሩ የመሰለ። ዓይኔ ይከደናል። ቢላዋው ከእጄ ይንሸራተታል።

ነቃ አልኩና ጮክ ብዬ ጠየቅኩ።

"መድኃኒትሽን ወሰድሽ?"

"ወስጃለሁ።"

"ጎሽ።"

ድንቹን ቀጠልኩ። አንድ ልጣጭ... ሁለት ልጣጭ...

እጄ ቆመ።

"ወስጃለሁ" ስትል ፉጨቱ አልተቋረጠም።

ሰው እያወራ ያፏጫል? ትንፋሹ አንድ አይደለም እንዴ?

"ምን አልሽኝ?" አልኩ።

"ወስጃለሁ።"

ያው ድምፅ። ያው ልክ። ከሥሩም ሲርርርር... ሳይቆረጥ።

ግን እኔ የምራቴን መፈተኛ አውቃለሁ።

"አንቺ ሰነፍ!" አልኩ። "ልጄ ምን አይቶ እንዳገባሽ!"

ጠበቅኩ።

ጠበቅኩ...

"ወስጃለሁ እህቴ" አለኝ ድምፁ። "ተኚ አንቺ።"

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ድንቹ ተበተነ። ቢላዋው እጄ ላይ ነው። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት።

ምራቴ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ወደፊት ደፋ ብላለች። ከንፈሯ አመድ ነው። አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ በሩን ስታይ የቆየች ይመስላል።

አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ።

ፀጥ።

አንዲት ቃል የመናገር አቅም አልነበራትም። ቅድምም፣ ከቅድሙ በፊትም።

ፉጨቱ ግን ቀጥሏል። ከኋላዬ።

ዞርኩ። መስኮቱ ዝግ ነው። ጠርሙሱ ጠርዙ ላይ ተጋድሞ አፉን ወደ እኛ አዙሯል። ውስጡ ጉም ይለብሳል፣ ይጠራል... ይለብሳል፣ ይጠራል...

ሰማያዊው ፓፍ ደግሞ ቂጡ ላይ እንደተሰካ ነው። ነቅለሽ አስቀምጪ ብያት ሰምታኝ አታውቅም።

አነሳሁት። ሞቋል፤ የሰው ጉንጭ ይመስላል። ፓፉን ስነቅለው ወደ ውስጥ ሳበብኝ። ከወዲያ በኩል አፍ ያለ ያህል! ያን ጊዜ ቁጣዬ ከፍርሃቴ በለጠ።

"ስሚ!" አልኩ። "እኔ አልተኛም! ይህቺን እንደሆነ አልሰጥሽም!"

ፓፉ ተነቀለ።

ያንን ጠርሙስ አፏ ላይ አላደርግም። ብሞት አላደርግም! ራስጌዋ የመጠጥ ውሃ ነበር። ውሃውን አልጋው ላይ ደፋሁት። የባዶውን ቂጥ በድንች ቢላዋው ወጋሁት፣ አዟዟርኩት፣ ጣቴንም ጨምሬ ቆረጥኩት። የፓፉን አፍ አስገባሁና ዙሪያውን በመዳፌ ጨብጬ ደፈንኩት።

"ሳቢ! ቀስ ብለሽ... ሳቢ!"

ተጫንኩ። ዓይኗ ፈጠጠ። ምንም።

"ሳቢ አንቺ ሰነፍ!"

ደግሜ ተጫንኩ። ደግሜ። ደሜ በክንዴ ይወርዳል።

ከዚያ ከውስጧ፣ ከሩቅ፣ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ እንደሚለው ያለ ድምፅ መጣ።

ሲር...

አጭር ነው። ሻካራ ነው። ቆሻሻ ፉጨት ነው። የእሷ ነው!

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ነገር ሰምቼ አላውቅም። መስኮቱን ከፍቼ "ሰው!" ብዬ ጮህኩ። ታክሲ ነጂው ጎረቤታችን አቅፎ መኪናው ውስጥ አስገባት። መንገዱን ሙሉ ፓፉን ስጫን፣ እሷም ስትስብ ደረስን።

ዳነች። እንደገና ጭንብል፣ እንደገና ያቺ ጉም የምትተፋ ማሽን፣ እንደገና የፕላስቲክ ወንበሬ።

መናገር ስትጀምር መጀመሪያ ያለችኝን ታውቃላችሁ?

"ልጅዎ ምን አይቶ እንዳገባኝ... እሱን ይጠይቁት።"

አለቀስኩ። ለሰው እንዳትነግሩ።

ጄኔራሏ የወጋሁትን ጠርሙስ አገላብጣ አየችው።

"ይህን ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"በምን?"

"በድንች ቢላዋ።"

"ያኛውስ? አረንጓዴ ጨርቅ ያለው?"

የቆረጥኩትን ጣቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ከዚያ በአገጯ ወደ ኮሪደሩ አመለከተችኝ።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያቺ እህት ተቀምጣለች። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ ጥላ ተኝታለች።

"ዛሬም ትመጣለች" አለችኝ ጄኔራሏ በሹክሹክታ። "ቤቴ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ትላለች። አንቀሰቅሳትም።"

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ሳትከፍት ተናገረች።

"ደህና ነኝ ትለኝ ነበር... እንድተኛ ብላ እኮ ነው።"

ምን ልበላት? እጇን ያዝኩት። ሁለት የደከሙ ሴቶች፣ አንድ ወንበር።

ቤት ስንመለስ ያንን ጠርሙስ ከእነጨርቁ ረግጬ ጨፈለቅኩት። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሲወስዱት በር ላይ ቆሜ አየሁ። ጋሪያቸው መንገዱን እስኪታጠፍ ድረስ አየሁ።

ምራቴ አሁን ኪኒኗን ጨርሳለች። ቡናማውን በየቀኑ እፊቴ ትስባለች፤ ካልሳበች እህል አላቀርብላትም። ቱቦውም መድኃኒት ቤት ገብቷል ሲባል ሄደን አምጥተናል። የወጋሁትን ጠርሙስ ግን አልጣልኩትም። ጠማማ ቀዳዳውን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ አጥቤ መስኮቱ ላይ አኖርኩት።

በጆሮዬ ማመን ትቻለሁ። ተኝታ ሳያት መዳፌን ጀርባዋ ላይ አደርጋለሁ። ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል በእጄ እቆጣጠራለሁ።

ባለፈው፣ ያው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የዕረፍት ቀኗ ነበር። እሷ ተኝታለች። እኔ አጠገቧ ወንበር ላይ፣ እጄ ጀርባዋ ላይ። ቤቱ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ከሁለታችን በቀር ሰው የለም።

ድካም መቼ ይለቅና... እንቅልፍ ጣለኝ።

ስነቃ ሙቀት ተሰማኝ።

ብርድ ልብስ ለብሻለሁ። ትከሻዬ ድረስ። ጫፉ እግሬ ሥር ጥንቅቅ ተደርጎ ተጠቅልሏል፤ ታማሚ ሆኖ አስታማሚውን ሲያባብል የኖረ ሰው እንደሚጠቀልለው።

ምራቴ አልተነሳችም። መዳፌ አሁንም ጀርባዋ ላይ ነው። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ደህና ናት።

ቀስ ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ዝግ ነው። ጠርሙሴ እዚያው አለ። ውስጡ ጉም ይለብሳል፣ ይጠራል... ይለብሳል፣ ይጠራል...

ፉጨት የለውም። ምንም ድምፅ የለውም።

ምራቴን እንዳልቀሰቅስ በሹክሹክታ ጠየቅኩ።

"መድኃኒትሽን ወሰድሽ?"

ማንም አልመለሰም።

ጉሙ ግን ባለበት ቆመ። አልጠራም፣ አልጨመረም...

እስክተኛ ትንፋሹን ይዞ እንደሚጠብቅ ሰው።